አማካሪ ወይስ ፈራሚ?



በዚህች የማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ መኝታ ቤቱ ውኃና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መብራት ብዙ ተጽፏል። መጻፉ ተገቢ ነው፤ እኔም የዚያው ወጥ ተካፋይ ነኝና አልቃወምም። ይሁን እንጂ ከወጡ መቅጠን ይልቅ ሊያሳፍረን የሚገባ፣ ሁላችንም እያወቅነው አንዳችንም የማናነሣው ጕዳይ አለ።

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ተሰልፈን የምናስጠርዘው የመመረቂያ ጽሑፍ በእውነቱ ምርምር ነውን? በፊተኛው ገጽ ላይ «አማካሪ» ከሚለው ቃል አጠገብ የምትቀመጠው ፊርማስ ምክር ለመሰጠቱ ምስክር ናትን? ወይስ ተማሪው ከመምህሩ፣ መምህሩም ከተማሪው የተገላገሉባት ደረሰኝ ናት? እኔ ደረሰኝ ናት እላለሁ። የምለውንም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሴ እጀምራለሁ፤ ሌላውን ከመክሰስ በፊት ራስን መክሰስ ይገባልና።

እኔ የሮብ ገበያ ልጅ ነኝ። አገሩን ለማታውቁት፣ ሮብ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም በስናን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ይቆምባታል። ከበላይዋ ያለው ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ጓሳና ጅባራ ከሚበቅልበት ከዚያ ራስ የሚወርዱት ወንዞች ዞረው ዞረው ዐባይን ይመግባሉ። የአገሩ እህል ገብስ፣ ድንች፣ ባቄላና እንግዶ ነው። እንግዶ የአጃ ወገን ነው፤ የቆላ ሰው ላያውቀው ይችላል። እኔ ሳድግ ያየሁትና ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር ቢኖር አባቶቻችን ገብስ ያፍሱበት ከነበረው ማሳ ላይ እንግዶና ባሕር ዛፍ እየበዛ መሄዱ ነው። ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ይላል። የግብርና ሰዎች ደግሞ አፈሩ ኮምጣጣ ሆኗል ይላሉ፤ ይኸውም ብርቱው ዝናብ የአፈሩን ካልሲየምና ማግኒዥየም አጥቦ ሲወስደው አሉሚኒየሙ የእህሉን ሥር ይጎዳል ማለት ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይጠይቃልና ከዚያ አቀበት ላይ ማድረሱ ቀላል አይደለም።

በ2015 ዓ.ም የመጀመሪያ ዲግሪዬን ሳጠናቅቅ ይህን ላጠና ተነሣሁ። የነበርሁበት ዩኒቨርሲቲ ከሮብ ገበያ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ስሙንም ሆነ የአማካሪዬን ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከልማድ ጋር ነው እንጂ ከሰው ጋር አይደለም፤ ያ ልማድ ደግሞ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ በመጣሁበት በዚህ ግቢም ጠብቆኛል። አማካሪዬ ኮሪደር ላይ ቆመው አነጋገሩኝ። ርእሴን ሰሙ፤ «ጥሩ ነው» አሉኝ። «ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ የተጠቀመበት መጠይቅ አለ፤ እሱን አስተካክለህ ውሰድ» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከአራት ደቂቃ አላለፈም። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዚያ ሴሚስተር ሀያ ሁለት ተማሪ ተመድቦላቸው ነበርና ለእያንዳንዳችን አራት አራት ደቂቃ ቢሰጡን እንኳ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ነው።

መጠይቁን ተቀበልሁ። ለአንድ የቆላ ወረዳ የተዘጋጀ ነበር፤ ስለ ማሽላና ስለ ሰሊጥ ይጠይቃል። ማሽላውን ሰርዤ ገብስ፣ ሰሊጡን ሰርዤ ድንች አልሁ፤ «አስተካክል» የተባልሁት ይህን መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ የመሬት ስፋት፣ ሁለተኛው የዓመት ገቢ በብር፣ ከዚያም ወዲያ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ ነኝ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» የሚል ሰንሰለት ነው። ይህን ይዤ በጥር ዕረፍት አገሬ ገባሁ።

በገበያው ቀን ድንች ይዘው የወጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ «ስንት ጥማድ መሬት አለዎት አባቴ?» አልኋቸው። ከፊቴ ይልቅ ወረቀቴን አዩት። «ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ። «ተማሪ ነኝ፤ ለጥናት ነው።» ጥቂት ዝም ብለው «ሁለት» አሉኝ። አጠገባቸው የነበረው ጎልማሳ ፊቱን አዞረ። ማታ ለእናቴ ብነግራት እስክታስላት ሳቀች፤ «ሁለትማ ለልጃቸው የሰጡት ነው!» አለችኝ።

ሽማግሌው የዋሹት ልማዳቸው ሆኖ አይደለም። በጎጃም ወረቀት ይዞ ስለ ጥማድ የሚጠይቅ ሰው ማን እንደሆነ ያውቃሉና ነው። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ገማቾችን አላስገባም ብሎ ተነሣ፤ ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላን ተላከበት፤ በኋላ ግን መንግሥት ራሱ ወደ ኋላ አለ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥም ተነሡ። በ1989 ዓ.ም ደግሞ በአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን «ቢሮክራት» የሚል ስም የተለጠፈበት ገበሬ ማሳው ተቈርሶ ለሌላ ሲሰጥ አየ። እነዚህን ሁለት ዘመናት ያየ ወይም ከአባቱ የሰማ ሰው ለማያውቀው ወጣት «ሁለት» ቢል ምን ይደንቃል? እኔ ያሰብሁት ግን ምንድር ነው? «ሁለት» ብዬ ጻፍሁ።

ከሁሉ ይልቅ ዛሬም የሚያሳዝነኝ ይህ ታሪክ ለእኔ አዲስ አለመሆኑ ነው። የሽንሸናውን ነገር ከአያቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን ምርምር ማለት የማውቀውን ከበር ላይ ትቼ መግባት መስሎኝ ነበር። «አንተ የዚያ አገር ልጅ ነህ፤ ስለ መሬት እንዴት ይጠየቃል? ማን ቢጠይቅ ይነግሩታል?» የሚል አንድ ሰው ቢኖር የመጀመሪያውን ጥያቄ በራሴ እጅ በሰረዝሁት ነበር። ይህን ለማለት የጮቄን አፈር ማወቅ አያስፈልግም፤ ተማሪውን ለግማሽ ሰዓት መስማት ይበቃል።

እንግዶስ? ከመጠይቁ ላይ ስሙ እንኳ የለም። ገበሬው ሁሉ «እንግዶ» ሲለኝ «ሌላ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። በመጨረሻም ከሠንጠረዤ ሁሉ ትልቁ ቍጥር «ሌላ» የሚለው ሆነ። ልጠይቅ የሄድሁት ስለዚያው ስለ «ሌላ» ነበር እኮ! አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ በዳር በዳሩ ማስታወሻ ጽፈውበት ነበር፤ የፊደሉ መጠን 12 ይሁን፣ የግራው ኅዳግ ይስፋ፣ የሠንጠረዡ ርእስ ከላይ ይግባ ይላል። አስተካክዬ አቀረብሁ፤ ፈረሙ። ውጤቱ «ኤ» ነበር። ወላጆቼ ደስ አላቸው፤ እኔ ግን ያንን «ኤ» ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እኒያ ሽማግሌ ወረቀቴን ሳጥፍ «ልጄ» ብለው ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ዓምና አንዲት ልጅ ይህንኑ ጠይቃኝ ሄዳለች። ከእሷ በፊትም አንድ ባለ መነጽር መጥቶ ነበር። ምን ተባለ?»

መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልግባ። የምርምር ማማከር በእኛ ዘንድ የተቀመጠው በተሳሳተው ጫፍ ላይ ነው። አማካሪው የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ከቶ ሊድን የማይችለውን ሥራ ሰዋስው ለማረም ይመጣል። ጥናት የሚበላሸው ግን በመነሻው፣ ጥያቄው በሚወለድበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ተማሪው ብቻውን ነው። በኅዳር አንድ ሰዓት ቢሰጥ ኖሮ የሚድነውን ሥራ በሰኔ ሀያ ሰዓት ቢሰጠው አይድንም። በኅዳር የሚሰጠውን ሰዓት የሚቈጥርለት ግን ማንም የለም፤ የሰኔዋ ፊርማ ብቻ ትቈጠራለች።

«በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ተማሪው በየጊዜው የጻፈውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ እነርሱ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛ ከየት እናምጣው?» የሚል ተቃዋሚ እንዳለ አውቃለሁ። በስብሰባ ላይም ሰምቼዋለሁ። ለዚህ ሰው የምመልሰው ከእንግሊዝ አገር አይደለም፤ ከዚያው ከጎጃም ነው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩባቸው በደብረ ኤልያስና በዲማ የመሰሉት ጉባኤ ቤቶች ምን ሀብት ነበራቸው? ተማሪው ከረጢቱን አንጠልጥሎ ቁራሽ ለምኖ የሚበላ፣ በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ የሚያድር ነው። መምህሩም ደመወዝ አይቈርጡም። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ቀኑን በየጥሻው ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ ያሰባትን ቅኔ ማታ ይነግራታል፤ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው። «ይህች ቤት አልሞላችም፤ ይህ ምሥጢር አልተገናኘም፤ ሰሙ ከወርቁ ተጣልቷል» ተብሎ እዚያው ይታረማል። ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል።

ከዚህም ሌላ ሥርዓቱ ደረጃ አለው። ቆጠራ ቆጥሮ፣ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ለምዶ፣ ከዚያ ዘአምላኪየ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን ተማሪ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አምጣ የሚለው መምህር የለም። እኛስ? ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ ከምርጫ ጥያቄ በቀር አንዲት ገጽ ሳንጽፍ ቈይተን በመጨረሻው ሴሚስተር ስድሳ ገጽ አምጡ እንባላለን። መወድስ በአንድ ቀን! ከዚያም ተማሪው ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝቶ አመጣ ብለን እንደነቃለን።

የቅኔ ቤቱን ገነት አድርጌ መሳሌ አይደለም። ዱላው ብርቱ ነው፤ መምህሩን መቃወም አይታሰብም፤ ሴት ልጅም እምብዛም አልገባችበትም፤ በጎጃም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ መምህርት ቢነሡም ብርቅ ናቸው። እኔ የምለው አንዲቱን ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪው ሥራው ገና ጥሬ ሳለ ይሰማል። ለዚህ ደግሞ ብር አላስፈለገም።

በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን ይህ አገር መልካም ነገር አላየም አይባልም። በ1943 ዓ.ም በተከፈተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበሩት የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላው ሆይናትስኪ ተማሪዎችን ሰብስበው የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ። ተማሪዎቹ ከየአገራቸው ስለ ወገኖቻቸው ልማድ ያዩትንና የጠየቁትን ጽፈው ያመጣሉ፤ ጽሑፋቸውም በማኅበሩ መጽሔት ይወጣል። መጽሔቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1953 እስከ 1961 ሲወጣ ቈይቷል፤ ተመራማሪ ዛሬም ይፈልገዋል። እነዚያ ጸሐፊዎች ገና ዲግሪ ያልያዙ፣ እንደኛው የተማሪ ወጥ የሚበሉ ልጆች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መደርደሪያ ላይ ያሉት የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችም እንዲሁ ናቸው፤ የታሪክ ሊቃውንት በመጽሐፋቸው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ይጠቅሷቸዋል። የእኛን የዓምናውን ጽሑፍ የሚጠቅስ ማን ነው? የሚጠቅሰውስ ቀርቶ ከተጠረዘ በኋላ የከፈተው ማን ነው?

በጤና ትምህርትም በኩል ምሳሌ አለ። በ1947 ዓ.ም የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኰሌጅ የጤና መኰንኑን፣ ነርሱንና የጤና ጥበቃ ሠራተኛውን በአንድ ቡድን ከጤና ጣቢያ አውሎ ያሠለጥን ነበር። በ1975 ዓ.ም የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ተማሪን በቡድን ወደ ሕዝቡ ማውረድን የትምህርቱ መሠረት አድርጎ ተነሣ፤ የተማሪ ምርምርም ሕዝቡ ውስጥ ከታየ ችግር እንዲነሣ አሰበ። ጉድለት የለበትም አልልም፤ ከጅማ የተመረቁ ጓደኞቼ ስለ መኪና እጥረትና ስለ ዝናቡ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። ነገር ግን መምህሩ ከተማሪው ጋር ጭቃ መርገጡን አልካዱም።

በእርግጥ ዘመኑ ተለውጧል። እስከ 1992 ዓ.ም ድረስ በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 ይበልጣሉ። ይህ ባይሆን እኔ የሮብ ገበያው ልጅ ከዚህ አልደርስም ነበርና የመስፋፋቱ ጠላት አይደለሁም። ሕንፃው ሲበዛ ግን አማካሪው በዚያው ልክ አልበዛም። ትናንት የተመረቀ ልጅ ዛሬ አማካሪ ሆኖ ይመደባል፤ እርሱ ራሱ ያልተማከረ እንዴት አድርጎ ያማክር? የመምህሩም ኑሮ ይታወቃል። በ2015 ዓ.ም መምህራን ስለ ደመወዝ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በጥጋብ አልነበረም። ማማከር በሥራ ጫናው ውስጥ በወጉ ካልተቈጠረ፣ በትርፍ ሰዓቱ ሌላ ግቢ ሄዶ በማስተማር የልጆቹን ጉርስ የሚፈልግ መምህር ለእኔ መጠይቅ ጊዜ ከየት ያመጣል? በዚህ ላይ ተማሪና መምህር አንድ ወገን ናቸው፤ ይህን ክስ በመምህራኑ ላይ ብቻ የሚያነብብ ሰው ቢኖር ጽሑፌን አልተረዳም።

ነገር ግን ድህነት ሁሉን አያሳብብም። በዚያው ጫና ውስጥ ሆነው ተማሪውን አስቀምጠው «ጥያቄህ ምንድር ነው? እስቲ በአማርኛ ንገረኝ» የሚሉ መምህራን በዚህ ግቢ አሉ፤ ተማሪው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቢሮአቸው ደጅ ወረፋው አይጠፋም። ደመወዛቸው ከሌሎቹ የተለየ አይደለም።

ስለ እኅቶቻችንም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ፈሪ እባላለሁ። ማማከር ቦታና ሰዓት የሌለው ሲሆን ቀጠሮው ከቢሮ ወደ ሆቴል፣ ከቀን ወደ ማታ ይሸሻል። ፊርማዋን የምትጠብቅ ሴት ተማሪ ያን ቀጠሮ እንቢ ብትል ምን እንደሚጠብቃት እርሷም እርሱም ያውቃሉ። ይህ ጉዳይ በሹክሹክታ እንጂ በስብሰባ አይነሣም። አማካሪ ተማሪውን የሚሰማው በግልጽ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቢሆን ለዚህ ዐይነቱ ነውር በሩ ይጠባል።

የእኛ የተማሪዎቹስ ጥፋት? አለ እንጂ! አማካሪ ስንመርጥ «ለስላሳ ነው፣ አያስቸግርም» እያልን የምንመርጥ እኛ ነን። ከኅዳር እስከ ግንቦት ከአማካሪው ቢሮ ደጅ በሌላ በኩል ዞረን የምናልፍ እኛ ነን። በ2015 ዓ.ም የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ «ዋናው ፈተናው ነው» እያልን ጽሑፉን እንደ ዕዳ የምንጥል እኛ ነን። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መሣሪያ መጥቶልናል፤ ሠላሳ ገጽ በደቂቃ ይደረድራል፤ በስናን ወረዳ ያልተጠየቀ ገበሬ የመለሰውን መልስ ሳይቀር አሳምሮ ይጽፋል። የሰኔውን ወረቀት ብቻ የሚያይ አማካሪ ይህን ሊለይ አይችልም። በኅዳር ተማሪው ሲንተባተብ ጥያቄውን የሰማ፣ በጥር ከማስታወሻ ደብተሩ ላይ የገበሬውን ቃል ያየ አማካሪ ግን ማን እንደጻፈው ለማወቅ መሣሪያ አያሻውም።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ የሆነውንም ላንሣ። ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ከዚያ አገር የመጣን ልጆች ወደ ቤታችን መሄድ ተሳነን። የመመረቂያው ጽሑፍ ግን ርእሱ ሳይለወጥ በቀኑ ይቅረብ ተባለ። መጠይቁ የት ተሞላ? በመኝታ ቤት፣ በላይኛው አልጋ ላይ ተሞላ። አንድ ጓደኛችን በአንድ ሌሊት መቶ ሀያ ገበሬ ሆኖ መለሰ፤ እጁ እንዳይታወቅ ሦስት ዐይነት እስክርቢቶ ተጠቀመ። እያሳቀ የሚያስለቅስ ነገር ነው። አማካሪው አላወቁም ብዬ አላምንም። ቀድመው ቢገናኙ ግን መውጫው ብዙ ነበር፤ ርእሱን ለውጦ ወደ ከተማው ተፈናቅለው የመጡትን ማነጋገር ይቻል ነበር፤ ወይም ከዚህ በፊት ስለዚያው አገር የተጻፉትንና ማንም ያልከፈታቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች አንብቦ «ሁሉም አንድ ጥያቄ ለምን ደገሙ?» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ይህ እንኳ ራሱን የቻለ ምርምር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምጠይቀው ከአቅም በላይ አይደለም። መጀመሪያ፣ ማንም ተማሪ ጥያቄውን በአማካሪውና በሁለት በሦስት ጓደኞቹ ፊት በቃሉ ሳይናገርና ሳይታረም ወደ ሜዳ አይውጣ። የአማካሪው ፊርማ ከሰኔ ወደ ኅዳር ይዛወር፤ የሚፈረመውም በመጠይቁ ላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ማስነገር ይኑር። ሀያ ሁለት ተማሪ ያለው መምህር ሀያ ሁለቱን ለየብቻ ለማነጋገር ጊዜ የለውም፤ ይሁን፤ አምስት አምስቱን ባንድ ላይ ይስማ። አንዱ ሲታረም አራቱ ይማራሉ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችም አስነጋሪ እንሁን፤ እኔ በበኩሌ ስሜን ዛሬ አስመዘግባለሁ።

ስለ ሜዳው ሥራ «ነዳጅ የለም፤ አበል የለም» ይባላል። ሀያ ሁለቱን ተማሪ በሀያ ሁለት ወረዳ የበተነው ማን ነው? አምስቱ ተማሪ ባንድ ወረዳ፣ አንዱ ስለ አፈሩ፣ አንዱ ስለ ገበያው፣ አንዷ ስለ ትምህርት ቤቱ ቢያጠኑ አማካሪው አንድ ጊዜ ቢሄድ አምስቱን ያያል። በ1957 ዓ.ም በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪ አንድ ዓመት ሙሉ በገጠር ያገለግል ነበር፤ ዛሬ ከመምህሩ አንድ ቀን መጠየቅ ድፍረት ሊሆን ነውን? ይህ ቀን ደግሞ በውለታ ሳይሆን በሥራ ሰዓትነት ተቈጥሮ ይከፈለው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ እኒያ ሽማግሌ ነው። የተጠረዘው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዱ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍቱ ይገባል። ሦስተኛው የት አለ? ተማሪው ያገኘውን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ ለጠየቀው ቀበሌ ሳይልክ ውጤት አይሰጠው። በሮብ ገበያ ረቡዕ ቀን ማንበብ የሚችል ሰው አይጠፋም፤ ካህኑም መምህሩም ተማሪውም ይወጣል። ያን ሁለት ገጽ የሚያነብቡት ሽማግሌዎች «ሁለት ጥማድ» የሚለውን ሲሰሙ የሚስቁ ከሆነ ጥናቱ ምን ዋጋ እንዳለው ከማንኛውም ፈታኝ ይልቅ እነርሱ ይነግሩናል። ይህን ሳስብ ደግሞ ይፈራኛል፤ የእኔው ሁለት ገጽ ከተነበበ «ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ» ነው የሚለው።

ይህን ሐሳብ ለሚመጣው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ከተማሪዎች የድጋፍ ፊርማ እንድሰበስብ ተነግሮኝ ነበር፤ ስለ ፊርማ ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ፊርማ መሰብሰብ አሳፈረኝና ሰዎች መጥተው እንዲናገሩ ብቻ እለምናለሁ። የሚቃወም መምህር ቢኖር በሚቀጥለው እትም ሙሉ ገጽ እንዲሰጠው አዘጋጆቹን ጠይቄ እሺ ብለውኛል።

የሮብ ገበያው